መሪ ያልያዘው ሾፌር

መስከረም 11

ይድረስ ለአሳዳጊዬ ለአክስቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ፣ እርስዎ ጮክ ብለው ደብዳቤዬን ሲያነቡላት ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ስለዚህ አስቀድሜ ልለምንዎት፤ ይህኛውን ለብቻዎ ያንብቡት። ለእሷ የሚነበበው በሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ስለ አየሩና ስለገዛነው አዲስ ምንጣፍ ይናገራል። እኔም ባለቤቴም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

አንድ ትንሽ ጉዳይ ገጥሞኛል። ትንሽ የምለው እውነትም ትንሽ ስለሆነ ነው። ባለፈው ሳምንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራዬ ላይ እንዳለሁ ፖሊሶች ትንፋሼን ለክተው፣ ደግሞ ሐኪም ቤት ወስደው፣ ጠጥቶ በማሽከርከር ብለው ከሰሱኝ። መንጃ ፈቃዴን ወሰዱት። እስኪመሽ ጣቢያ አቆይተው በዋስ ለቀቁኝ። ያን ቀን አንድ ባልደረባችን ጡረታ ስለወጣ ምሳ ጋብዞን ነበር፤ ሁለት ብርጭቆ ቀምሻለሁ፤ አልክድም።

አሁን የሚያስቀውን ይስሙ። መኪናውን የነዳሁት እኔ አይደለሁም። እንደሚያውቁት ሥራዬ መንዳት ማስተማር ነው። መሪውን የያዘችው ተማሪዬ ነበረች፤ እኔ ጎኗ ነው የተቀመጥኩት። መሪ ያልያዘ፣ ማርሽ ያልነካ ሰው በምን ሒሳብ ነው ጠጥቶ ነዳ የሚባለው? አሥራ አራት ዓመት ሳስተምር አንድ ስፖኪዮ አላስሰበርኩም። ይህንን ለዳኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድቼ እንደምወጣ አልጠራጠርም።

እርስዎ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት የሠሩ፣ አሥራ ሁለቱን ዓመት የትራፊክ ችሎት መዝገብ የያዙ ሰው ነዎት። እንዲያው ለወጉ አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ ብዬ፣ ፍርድ ቤቱ በቋንቋችን አስተርጉሞ የሰጠኝን የክስ ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ። ቀጠሮው መጋቢት ላይ ነው፤ ገና ብዙ ጊዜ አለ።

እጅዎን በመሳም፣
ልጅዎ


መስከረም 30

ለልጄ ለሾፌሩ፣

ወጥተህ በሰላም የምትገባበት ቀን ይብዛልህ። ባለቤትህን አጥብቀህ ሰላም በልልኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሜዳ ላይ አልታማም። እናትህ ስለ ምንጣፉ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ቀለሙን ስላልጻፍክ ተቀይማሃለች።

ሾፌሩ የሚለውን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። የድስት ክዳን በሁለት እጅህ ይዘህ ቤቱን ስትዞር ገና አራት ዓመት አልሞላህም ነበር። ስለዚህ ዛሬም ሾፌሩ ብዬ ስጽፍልህ አትኩረፍ፤ ሕጉም የሚልህ ይህንኑ ነው።

ወረቀቱን መነጽሬን ጠርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የዚያን አገር ሕግ አላውቅም፤ ክስ ማንበብ ግን አውቃለሁ። የተጠቀሰው አንቀጽ «ተሽከርካሪውን የሚቆጣጠር ሰው» ይላል፤ «መሪ የያዘ» አይልም። ተማሪ ጎን የተቀመጠ አሠልጣኝ በሕግ ዓይን ሾፌሩ ራሱ ነው። እግርህ ሥር ሌላ ፍሬን የተገጠመልህ ለምን ይመስልሃል? እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለዳኛው አትናገራቸው። በእኛም ችሎት እንዲህ የሚከራከር ተከሳሽ አይጠፋም ነበር። ዳኛው ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በትዕግሥት ይሰሙታል፤ ሲጨርስ ብዕሩን ያነሳሉ። ያን ጊዜ የሚጽፉት ነገር ተከሳሹን ጠቅሞት አያውቅም።

ደግሞ ገጽ ሦስት ላይ የደም ምርመራው ውጤት ተጽፏል። ቁጥሩ የሁለት ብርጭቆ ቁጥር አይደለም። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በገዛ እጄ መዝገብ ላይ ስገለብጥ ኖሬአለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። የላክልኝ የመጀመሪያው ወረቀት ከግርጌው «1/3» ይላል። የሚቀጥለው «3/3» ይላል። ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት፤ ምንም አልወደቀም። ገጽ ሁለት የት ሄደ?

አክስትህ


ጥቅምት 24

ይድረስ ለአክስቴ፣

ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም ምኞቴ ነው። ምንጣፉ ቡናማ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ቢጫ መስመር አለው። ለእናቴ ይንገሩልኝ።

ምክርዎን ተቀብያለሁ። ያን ክርክር ትቼዋለሁ። ደግሞም የተሻለ ተገኝቷል። አንድ የጎረቤቴ ወንድም የሕግ ነገር ይገባዋል፤ ራሱም ሁለት ጊዜ ተከሶ ሁለቱንም ጊዜ ወጥቷል። እሱ እንደነገረኝ ከሆነ፣ አንዳንድ ሰው ላይ የበላው ምግብ ሆዱ ውስጥ ተብላልቶ ወደ አልኮል የሚለወጥበት ሕመም አለ። በሽተኛው አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ደሙ ውስጥ ይገኝበታል። የፈጠራ ወሬ አይደለም፤ በሕክምና መጽሐፍ ተጽፏል አለኝ።

እኔ ልጅ ሆኜ ሆዴን ያመኝ እንደነበር እርስዎ ያውቃሉ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ደግሞ ወዳጅዎ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ ዓይነት ሕመም እንደነበረብኝ፣ ቀኑን ወደ ኋላ አድርገው አንድ ገጽ ቢጽፉልኝና ማኅተም ቢያደርጉበት ጉዳዩ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ጠበቃዬ ወጣት ነው፤ ግን ማስረጃ ካቀረብኩለት ይከራከርልኛል።

ትምህርት ቤቱ እስከ ውሳኔው ድረስ ከሥራ አግዶኛል። ስለዚህ በየወሩ ለቤት የምልከው በዚህ ወር ትንሽ ይዘገያል። እናቴ ከጠየቀች የባንክ ጉዳይ ነው ይበሏት።

ገጽ ሁለት የተለመደ ነገር ነው፤ አድራሻና ቀን ብቻ ነው ያለበት። ለዚህ ብዬ ፖስታ ላወፍር አልፈለግሁም።

አክባሪ ልጅዎ


ኅዳር 19

ልጄ፣

ጤና ይስጥህ። ሆድህ የመጠጥ ፋብሪካ መሆኑን ሳላውቅ አሳድጌህ ኖሬአለሁና ይቅርታህን እጠይቃለሁ። እኔ የማስታውሰው ያልበሰለ ማንጎ ሰርቀህ በልተህ ሆድህን ይዘህ ስታለቅስ ነው።

ሐኪሙን አልጠይቃቸውም። እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ አይደለም። እሺ ይሉኝ ይሆናል ብዬ ነው የፈራሁት። ደግ ሰው ናቸው፤ የአርባ ዓመት ማኅተማቸውን በአንተ ውሸት ላይ እንዲያሳርፉ አላደርጋቸውም።

ስለ ገጽ ሁለት የጻፍከው አላሳመነኝም። አድራሻህ ገጽ አንድ ላይ አለ። ቀኑ ገጽ ሦስት ላይ፣ ከፊርማው በላይ አለ። የክስ ወረቀት መካከሉ ላይ ምን እንደሚቀመጥ ለእኔ ልትነግረኝ ነው? የምስክር ቃል ነው የሚቀመጠው። አንድ ሰው አይቶሃል። አንድ ሰው ተናግሯል። የተናገረውን እኔ እንዳላነበው ነው የፈለግከው።

እናትህን የባንክ ጉዳይ ነው ብያታለሁ። ለአንተ ብዬ የምዋሸው መጨረሻው ይሄ ነው። ገጽ ሁለት እስኪደርሰኝ ድረስ አልጽፍልህም። ቤቱን በተመለከተ አትጨነቅ፤ ጡረታዬ አለ፤ ማንም ጦሙን አያድርም።

አክስትህ


ጥር 8

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ከጻፉልኝ። ደብዳቤ ጽፌ የቀደድኩት አራት ጊዜ ነው። ገጽ ሁለት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከማንበብዎ በፊት ግን ከእኔ አፍ እንዲሰሙት ፈለግሁ።

ተማሪዬ መጋረጃ ሰፊ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው። መጋረጃዎቿን ራሷ ለደንበኞቿ ማድረስ ስለፈለገች አሮጌ የዕቃ መኪና ገዝታ በር ላይ አቁማለች፤ መንዳት ግን አታውቅም። ያን ቀን አራተኛ ትምህርቷ ነበር። ምሳው ላይ የጠጣሁት ሁለት አልነበረም፤ አምስት ድረስ ቆጥሬአለሁ። ከዚያ ተነሥቼ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። አፌ ውስጥ ናና ከረሜላ ነበረ።

ሰፊውን መንገድ ያዢ አልኳት። ፀሐይ በፊት መስታወቱ ትገባ ነበር፤ ሞቀኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ከገጽ ሁለት ላይ ነው።

አደባባዩ ጋ ስትደርስ ወዴት ልታጠፍ ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ሊፈትነኝ ነው ብላ ደግማ ጠየቀች። ሦስተኛ ጊዜ ጠርታኝ ዞር ስትል ጭንቅላቴ መስታወቱ ላይ ወድቋል፤ አፌ ተከፍቷል። አደባባይ ገብታ አታውቅም ነበር። መውጣት ስላልቻለች ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ በግራ በቀኝ ጥሩምባ እየተነፋባት፣ ጎኗ የሞተ ሰው ይዛ። እንደዚያ ነው ያለችው፤ «የሞተ ሰው ይዤ ነበር»። በአራተኛው ስፖኪዮ አየች፣ ፍሬቻ አሳየች፣ ወጣች፣ ዳር ይዛ አቆመች፣ የእጅ ፍሬን ሳበች። ሁሉንም እንዳስተማርኳት አድርጋለች። ከዚያ ወርዳ መንገድ ላይ ቆማ፣ መምህሬ ሞተብኝ እያለች ጮኸች።

መጀመሪያ የመጣው አምቡላንስ ነው። የሕክምና ባለሙያው ላዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ቀና አለና አልሞተም፣ ሰክሯል አላት። ስነቃ እጄን ይዛ ነበር። ይህን ከባለሙያው አፍ ስትሰማ እጄን ስትለቀው ተሰምቶኛል። ከዚያ በኋላ ፖሊሶች መጡ።

የመጀመሪያ ቀኔም አልነበረም፣ አክስቴ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በትምህርትና በትምህርት መካከል የምቀምሳት ጠርሙስ መኪናው ኋላ፣ ቅያሪ ጎማው ሥር ነበረችኝ። ባለቤቴ ሸትቷት ሁለት ጊዜ ተናግራኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀልጄ አስቄአታለሁ። አሁን አትስቅም።

የሆድ ሕመሙን ነገር ይርሱት። የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ልጅዎ


ጥር 29

ለልጄ፣

ገጽ ሁለትን ከጻፍከው ጋር አስተያይቼ አነበብኩት። አንድም አልጨመርክም፣ አንድም አልቀነስክም። ይህንን ማድረግ የቻለ ሰው ዳኛ ፊት መቆም ይችላል፤ ስለዚህ አሁን አልሰጋልህም።

ግን የእኔም መካከለኛ ገጽ ስላለ ልንገርህ። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ስምንት ዓመትህ ነበር። አባትህ፣ ወንድሜ፣ በጭነት መኪናው የአንድ ሱቅ ግድግዳ አፈረሰ። ሱቁ ዝግ ስለነበር ሰው አልተነካም። ፖሊስ ሐኪም ጋ ወሰደው፤ ሐኪሙ ሰክሮ እንደነበር አንድ ገጽ ጻፈ። መዝገቡ ወደ እኛ ችሎት መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ በማግሥቱ መዝገብ ቤት ድረስ መጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ይዞት ነበር። ለእኔ ባርኔጣ አውልቆልኝ አያውቅም ነበር። ምንም አልለመነኝም። ቆሞ መዝገቡን ብቻ አየው።

ወንበሬ ላይ ሆኜ የሐኪሙን ገጽ ነቀልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስገባ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። በቀጠሮው ቀን ዳኛው መዝገቡን አገላበጡ፤ ማስረጃ የለም አሉ፤ ዘጉት። ወንድሜ እየሳቀ ቤት ገባ። ለእኔ ጥቁር ጃንጥላ ገዝቶልኝ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ መኪናው ከድልድዩ ወረደ። የገደለው ልቡ ነው አልንህ። ልቡ አልነበረም። ፖሊሱ የጻፈውን እኔ አንብቤዋለሁ፤ ያን ጊዜም ቢሆን መዝገቡ ያለፈው በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ያን ገጽ ባልነቅለው ኖሮ መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ይነጥቁት ነበር። አንድ ዓመት ያኮርፈኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወት ይኖር ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። የሐኪም ወረቀት አስጽፊልኝ ስትለኝ ለምን እንደመረርኩብህ አሁን ይገባሃል።

አሁን የምልህን ስማ። በመጀመሪያው ጥያቄ ጥፋተኛ ነኝ በል። ደጋግመው ሲጠይቁህ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ላይ። ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤቱ ሳያዝህ በፊት መጠጥ ለማቆም የሚረዳ ሐኪም ጋ ዛሬውኑ ሂድና ተመዝገብ፤ ለቅጣት ማቅለያ ብለህ አይደለም፤ ማቅለያ ከሆነልህ ግን እሰየው። ሦስተኛ፣ መጋረጃ ሰፊዋ ጋ ለይቅርታ ብለህ ቤቷ እንዳትሄድ። ምስክር ናት። ምስክር ቤት መሄድ ሌላ ክስ ነው፤ አበባ ይዘህ ብትሄድም ያው ነው። የምትላት ካለ ችሎት ፊት፣ ዳኛውን አስፈቅደህ በላት።

ባለቤትህ ካልሳቀች አታስቃት። ዝም ብለህ አብረሃት ተቀመጥ።

አክስትህ


መጋቢት 19

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንደምን ከረሙልኝ። ስለ አባቴ የጻፉትን ብዙ ቀን ይዤው ዞሬአለሁ። በእርስዎ አልተቀየምኩም። በእሱም መቀየም አልቻልኩም፤ ጃንጥላውን ሲገዛ ብቻ ይታየኛል። ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም፤ ስለ ቀጠሮው ልንገርዎ።

ከትናንት ወዲያ ነበር። የችሎቱ አዳራሽ ከመማሪያ ክፍል አይበልጥም። ዳኛዋ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ መሐረባቸውን ከመዝገቡ አጠገብ አስቀምጠውታል። ክሱ ሲነበብ ገጽ ሁለት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ጥፋተኛ ነኝ አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ወጣቱ ጠበቃዬ ሊያርመኝ ይመስል ተነሣና ተመልሶ ተቀመጠ። ከጥር ጀምሮ ሐኪም ጋ እየተመላለስኩ መሆኑን አስረዳልኝ፤ ወረቀቱንም አቀረበ።

ዐቃቤ ሕጓ አልማሩኝም። ተማሪዋ መሪውን ብትለቅ፣ ብትደነግጥ፣ እግረኛ ቢገባባት፣ እያሉ ቆጠሩ። ሁሉም እውነት ስለነበረ አንገቴን አልደፋሁም፤ አዳመጥኩ።

ፍርዱ እንዲህ ነው። ሦስት ወር እስራት ተፈርዶብኝ ለሁለት ዓመት ተገድቦልኛል፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንድ ጥፋት ካገኙብኝ ያው ሦስት ወሩን እገባታለሁ። መቀጫም አለ። መቶ ሃያ ሰዓት ያለ ክፍያ ለሕዝብ እሠራለሁ፤ የመንገድ ዳር ምልክቶችን ማጠብ ነው የደረሰኝ። ሕክምናውን እቀጥላለሁ። መንጃ ፈቃዴ ለአሥራ ስምንት ወር ታግዷል፤ ከዚያም በኋላ እንደ አዲስ ተምሬ እንደ አዲስ መፈተን አለብኝ። የአሠልጣኝነት ፈቃዴ ግን ለዘለዓለም ተሰርዟል። አሥራ አራት ዓመት ነው፣ አክስቴ።

መጨረሻ ላይ ዳኛዋን አስፈቀድኩና ወደ መጋረጃ ሰፊዋ ዞርኩ። ያዘጋጀሁት ረጅም ነበር፤ የወጣው አጭር ነው። «ሕይወትሽን ይዤ ተኛሁ። ይቅር በይኝ» አልኳት።

ከመቀመጫዋ ተነሣች። ዳኛዋ መልስ መስጠት እንደማትገደድ ነገሯት፤ እሷ ግን ተናገረች።

«ሞተሃል ብዬ ሳስብ አልተናደድኩብህም፤ አለቀስኩልህ። የተናደድኩት በሕይወት አለ ሲሉኝ ነው» አለችኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። አልጠየቅኳትም። ስንወጣ በር ላይ ጠበቃዬን ጠርታ አንድ ነገር ነገረችው፤ ታኅሣሥ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታ ፈተናዋን አልፋለች። ፈታኙ አደባባይ ላይ ጎበዝ ነሽ ብሏታል አሉ።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጎማ ጥገና ቤት ተቀጥሬአለሁ። በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለቤት የምልከውን እቀጥላለሁ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 10

ለልጄ፣

ፈጣሪ ያሳለፈህ ይመስገን። ፍርዱን ሰምቼ ረካሁ። ተመጣጣኝ ነው፤ እኔ የማውቃቸው ደህና ዳኞች ቢሰጡት የሚሰጡት ይህንኑ ነበር። የአሠልጣኝነቱ ነገር እንደሚያምህ አውቃለሁ። ይመምህ፤ ሕመሙ ለአንተም ተገቢ ነው።

እኔም አንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ለራሴ ነው የቀጠርኩት። ባለፈው ሰኞ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄጄ የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት አነጋገርኳቸው። የነቀልኩትን ገጽ ከነቀኑ፣ ከነመዝገብ ቁጥሩ ነገርኳቸው። ቁጥሩን አልረሳሁትም። ወጣት ሰው ናቸው፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ውሃ አስመጡልኝ። ጊዜው ስላለፈ በሕግ አልጠየቅም አሉኝ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ግን ወጥቼ ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴን አላስታወስኩትም።

በዚያው ልብ ቤት ገባሁና እናትህን አስቀምጬ ሁሉንም ደብዳቤ አነበብኩላት። የአንተንም፣ የእኔንም ቅጂዎች። ጥር 29 የጻፍኩትን ሳነብ ድምፄ ዝቅ አለብኝ፤ ጮክ በይ አለችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሲያልቅ እጇን ቀሚሷ ላይ አደረገች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤

«ከድልድዩ ሲያወጡት የለበሰውን ልብስ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ውሃ ውስጥ አድሮም ሽታው አልለቀቀውም ነበር።»

ታውቅ ነበር፣ ልጄ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ፣ እኔ እሷ እንዳታውቅ ስጠብቅ፣ እሷ ደግሞ እኔ የማላውቅ መስሏት ለእኔ ስትሳሳ ሠላሳ አራት ዓመት ኖረናል። ወረቀቱን የነቀልኩ እኔ መሆኔን ብቻ ነበር ያላወቀችው። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ጉልበቴን በሞቀ ውሃ ፎጣ አሰረችልኝ።

ለአንተ ጻፊልኝ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ሁለተኛ ስለ ምንጣፍ እንዳይጽፍልኝ። ለአንቺ የሚጽፈውን ለእኔም ይጻፍ።»

ከእንግዲህ ፖስታህ ውስጥ አንድ ወረቀት ይበቃል።

አክስትህ


ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ጥቅምት 6

ይድረስ ለእናቴና ለአክስቴ፣

ሁለታችሁም በጤና እንደምትቆዩልኝ ተስፋ አለኝ። እማዬ፣ የላክሁልሽን የጆሮ መስሚያ በቀኝሽ በኩል አድርጊው፤ በግራሽ ስታደርጊው ነው የሚያፏጭብሽ። አክስቴ፣ እርስዎም አሁን መጮኽ ስለማያስፈልግዎት ጉሮሮዎን ያሳርፉ።

እገዳዬ ያለፈው ወር አበቃ። ከጠጣሁ ሃያ ወር አለፈኝ፤ ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ። የመንገድ ምልክቶቹን አጥቤ ጨርሻለሁ። ከዚህ ሰፈር እስከ ወንዙ ድረስ የኔን እጅ ያላየ ምልክት የለም፤ ባለቤቴ አብረን በአውቶቡስ ስናልፍ ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄም ያንተ ነው እያለች ታሾፍብኛለች። ሳቋ ተመልሷል፤ አሁን ግን የምታስቀኝ እሷ ናት።

ትናንት የመጀመሪያዬን የመንዳት ትምህርት ወሰድኩ። በአርባ አራት ዓመቴ፣ የ«ተማሪ» ሰሌዳ የተለጠፈበት መኪና ውስጥ። ሆን ብዬ የማያውቁኝ ትምህርት ቤት ነው የሄድኩት። አሠልጣኟ ከሃያ ስድስት አትበልጥም፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ፎርሙን ይዛ ከዚህ በፊት ነድተው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ተማሪዬ ጎን መተኛቴን ሳይቀር። ሌላ አሠልጣኝ ትመድብልኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ፎርሙ ላይ «ከመጀመሪያው» ብላ ጻፈችና ቁልፉን ሰጠችኝ።

መቀመጫዬን አስተካከልኩ፣ ቀበቶ አሰርኩ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። እጄ ሁሉንም ያስታውሳል። መንገድ ስንገባ ግን አንድ የማላውቀው ነገር መጣብኝ። ዓይኔ ከመንገዱ እየሸሸ ወደ እሷ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ መብራት ላይ ስቆም አየኋት። ሁለተኛው ላይም አየኋት። ሦስተኛው ላይ ስዞር እሷም ዞረች።

«ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«ነቅተሽ እንደሆን ነው» አልኳት።

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

«ነቅቻለሁ። አረንጓዴው በርቷል፤ ይሂዱ» አለችኝ።

ማርሽ አስገባሁና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ፈተናው የፊታችን ማክሰኞ ነው። አልፋለሁ።

ልጃችሁ